ደብዳቤ ለልጄ፦ ከዝናብ በኋላ ወንዝ አትግቢ

ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ «ልጅህን ወንዝ ሊወስዳት ነበር» አለችኝ። ደግነቱ ቁጭ ብዬ ነበር። ወንዙን ስታጸዱ ድልድዩ ስር የተሰነቀረ ጆንያ አወጣለሁ ብለሽ ብቻሽን ገባሽ አሉ። ውሃው እስከ ጭንሽ ደረሰ። እግርሽ ሲንሸራተት ጓደኛሽ በጃኬትሽ ኮሌታ ጎትታ አወጣችሽ። ለኔ ግን የላክሽልኝ የሞሉትን ጆንያዎች ፎቶ ብቻ ነው። ማታ ፎቶውን መልሼ ከፍቼ ሳየው ሱሪሽ እስከ ወገብሽ ርሷል። ያን ቀን እንዴት አላየሁትም?

ተቆጥቻለሁ። ግን እንዳትሳሳቺ፤ ሥራውን ተይው አላልኩም። እኩዮችሽ ቅዳሜ ጠዋት ሲተኙ አንቺ ጓንት አጥልቀሽ የሰው ሁሉ ወንዝ ስታጸጂ ማየት ደስ ይለኛል። ባለፈው ሰኞ ለሥራ ባልደረቦቼ ፎቶሽን ሳሳይ ነበር የዋልኩት። የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዝናብ በኋላ ወንዝ አትግቢ።

«አባዬ፣ እኛ ጋ እኮ ፀሐይ ነበር» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ወንዝ የሚሞላው አንቺ ቆመሽ ባለሽበት ቦታ በዘነበው ብቻ አይደለም። ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ከሰዓታት በኋላ ታች ይደርሳል። ደራሽ የሚባለውም ለዚህ ነው። በኃይል የሚሄድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ አዋቂ ሰው መጣል ይችላል። ከቁርጭምጭሚትሽ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። አንቺ ደግሞ እስከ ጭንሽ ነው የገባሽው! ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ መምጣት ከጀመረ፣ የያዝሽውን ጥለሽ ውጪ። ጆንያው ይሂድ። ሲጎድል ታች ወርደን እንለቅመዋለን።

ሳልረሳው፣ የቴታነስ ክትባት የወሰድሽው መቼ ነው? በየ10 ዓመቱ መታደስ አለበት። ካርድሽ ኮሜዲኖው ውስጥ፣ ከፓስፖርትሽ ጋር ነው ያለው፤ እይው። ሰንደል ጫማ ደግሞ ለጽዳት አይሆንም፤ እግርሽን የሚሸፍን፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ አድርጊ። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ የቆሸሸ ውሃ አትንኪ፤ የአይጥ ሽንት ያለበት ውሃ በቁስል ገብቶ በሽታ ያመጣል። መርፌ ካገኛችሁ በእጅ አታንሱ፤ ከጆንያም አትጨምሩት። በመቆንጠጫ አንስታችሁ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት።

አክስትሽ «ይቺ ልጅ ለአንድ ጆንያ ብላ ለምን እንዲህ ትሆናለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኳት። መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ጋር ችግኝ ልንተክል የወጣንባት ቀን ትዝ ትልሻለች? ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ፤ ችግኟን አንቺ አስገባሽ። በዚያች ሰማያዊ ጆግ ውሃ ተሸክመሽ ስትመጪ ግማሹ ጫማሽ ላይ ፈሰሰ። ፎቶ ተነሳን። ሳሎን ያለው ፎቶ እሱ ነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ዛፌን መቼ ነው የምናያት?» አልሽኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩሽ። በሚቀጥለውም ሳምንት ጠየቅሽኝ፤ እንደዚያው አልኩሽ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ስትነዘንዢኝ «አድጋለች፤ አንቺን አክላለች» አልኩሽ። ሳላያት ነው ያልኩሽ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ደርቃ ቆማለች። ስስባት በአንድ እጄ ብድግ አለች። ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ሥሯ ላይ ነበር። ሥሮቹ መሬት አልነኩም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ እርስ በርስ ተጠምዝዘው እንደ ክር ተጠቅልለዋል። ሲተከል ፕላስቲኩ ተቀድዶ መውጣት እንዳለበት ያን ቀን ማንም አልነገረንም። እኔም አልጠየቅኩም። ወዲያና ወዲህ እያልኩ ሌሎቹን ብነቅል ያው ነው። ያን ሁሉ ፎቶ ተነስተን ለካ ፕላስቲክ ቀብረን ነው የሄድነው።

ቤት ስገባ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን መጠየቅ ከተውሽ ቆይቷል። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስትወጪ ሳይ፣ እኔ ያልወሰድኩሽን መንገድ ብቻሽን የምትሄጂ ይመስለኛል። ይቅር በይኝ ልጄ።

ዋንጋሪ ማታይ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ ችግኝ የሚተክለውን የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ጀመረች። ችግኝ ለሚተክሉት ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። የሚሰጣቸው ግን ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀው ነው። ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። እናንተም ለተከላ ስትወጡ ከመቆፈራችሁ በፊት በበጋው ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተነጋገሩ። ፕላስቲኩን ደግሞ ቅደዱት፤ ሰብስባችሁም ይዛችሁት ተመለሱ።

ከኩሬው ያወጣችሁትን እምቦጭም ዳሩ ላይ አትተዉት። ቁራጩ ተመልሶ ውሃ ካገኘ እንደገና ይበቅላል። ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት።

ዝናብ በጣለባት ቅዳሜ ቤት ዋሉ አላልኩም። ወፍ ቁጠሩ። ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ፣ በገና ወጥቶ ወፍ ከመግደል ወጥቶ መቁጠር ይሻላል አለ። ያን ዓመት የቆጠሩት 27 ሰዎች ነበሩ። ቆጠራው ዛሬም በየዓመቱ አለ። የትኛው ወፍ እየቀነሰ እንደመጣ የሚታወቀው እንዲህ ሲቆጠር ነው። ደብተርና እርሳስ ይበቃችኋል፤ ወንዝ ውስጥ መግባትም አያስፈልግም። ጎጆ ካያችሁ ግን ራቅ በሉ፤ እናቲቱ ደንግጣ እንቁላሉን ጥላ እንዳትሄድ።

ከዝናብ በኋላ ወንዝ አትግቢ። ሰልችቶሻል፤ አውቃለሁ። ስልክ ላይም እደግመዋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ። የዛሬው «በሚቀጥለው» እንደዚያኛው አይደለም፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰማያዊዋን ጆግ ዕቃ ቤት አግኝቻታለሁ፤ እጀታዋ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ውሃ ትይዛለች። ሳልደርስ ወደ ውሃው እንዳትጠጊ። ጓንት አስቀምጪልኝ፣ ትልቁን ቁጥር።

አባትሽ