ደብዳቤ ለልጄ፦ ቤዝ ጊታር ልትገዢ ነው አሉ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቤዝ ጊታር ልትገዢ እንደሆነ እናትሽ ስትነግረኝ የተሰማኝን ደስታ በስልክ በደንብ አልነገርኩሽም። አንቺ ክላስ ልትገቢ ነበር፣ እኔም መምህራን ማረፊያ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ትንሽ ይረዝማል።

ዕቃውን እናስቀድም፤ ብር ይዘሽ ሱቅ ለሱቅ እየዞርሽ ነውና።

ባለ አራት ክር ግዢ። ጓደኞችሽ አምስት ክር ይሻላል ማለታቸው አይገርመኝም፣ አሁን የሚወደደው እሱ ነው። ለጀማሪ ግን ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ይበቃሉ። ወፍራሟ የሚ ክር ጣት ሳታሳርፊባት ስትመቺያት በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ክፍል ውስጥ ድግግሞሽን ሳስተምር ሁሌ የማነሳት ምሳሌ እሷ ናት። ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ ሰርግ ላይ የሚቆሙት ስፒከሮች አብዛኞቹ በወጉ አያወጡትም። ለአምስተኛዋ ክር የምትጨምሪው ብር ለጥሩ ኬብል ቢውል ይሻላል።

ብራንዱ አያስጨንቅሽ። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በፈረንጆቹ 1951 አወጣ፣ ጃዝ ቤዝን ደግሞ በ1960፤ ገበያ ላይ ከምታያቸው ርካሽ ቤዞች ብዙዎቹ ከነዚህ ከሁለቱ የተቀዱ ናቸው። ያገለገለ ያማሃ ወይም ስኳየር ካገኘሽ ውሰጂ። የኔም ያማሃ ነው፤ ልጅ ሆነሽ ሳጥኑን ጠረጴዛ አድርገሽ የቤት ሥራሽን ትሠሪበት ነበር። ባትሪ የማይፈልገውን፣ ፓሲቭ የሚሉትን ምረጪ። አክቲቩ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለው፣ ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል፣ ሙሽሮች ሲገቡ ድምፅሽ ቢጠፋ የት ትገቢያለሽ?

ሳትከፍዪ በፊት አንገቱን እዪ። ፍሬት የሚሉት አንገቱ ላይ አግድም የተሰኩትን ቀጫጭን ብረቶች ነው። ወፍራሟን ክር በአንድ እጅሽ መጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ላይ ተጫኚና መሃል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቺ። ቀጭን ካርድ የምታሳልፍ ያህል ከሆነች ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሰፋ አንገቱ ውስጥ ትራስ ሮድ የሚሉት ብረት አለ፣ በአለን ቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ታዞሪና ክሩን መልሰሽ ቃኝተሽ ታይዋለሽ። የተጣመመ አንገት ከሆነ ግን ጥለሽው ውጪ፣ ያንን የሚያቃናልሽ አታገኚም። ቮልዩሙን ስታዞሪ ቢንኮሻኮሽ አትፍሪ፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳሻል። አንገቱ እንጨት ስለሆነ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። እኔ ዝናቡ ሲወጣ ሁሌ አንድ ጊዜ አየዋለሁ፣ አንቺም ልመጂው።

የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ 86 ሴንቲሜትር ገደማ። ጣቶችሽ የእናትሽ ጣቶች ናቸው፣ አጠር ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ሊርቁሽ ይችላሉ። 30 ኢንች የሆነውን አጭሩን ካገኘሽ ሞክሪው። የልጅ መጫወቻ ነው የሚልሽን አትስሚ፤ ፖል ማካርትኒ ከቢትልስ ጋር ዓለምን የዞረው በአጭር ሆፍነር ቤዝ ነው።

ክር ላይ ግን እልኸኛ ነኝ። ላዩ ለስላሳ የሆነውን፣ ፍላትዋውንድ የሚባለውን አድርጊበት። ሱቅ ያለው አብዛኛው ጎርበጥ የሚለው ነው፤ ድምፁ ደማቅ ነው፣ ለሮክ ይሆናል። እኛ ግን ከማሲንቆ ጋር ነው የምንጫወተው። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ይፋጫል፣ ውበቱም እሱ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ቤዝሽ ከተንጫጫ ሁለታችሁም አትሰሙም። ለስላሳው ክር ከሥር ይተኛል። አሜሪካዊው ጄምስ ጀመርሰን ሞታውን የሚባለውን የሸክላ አሳታሚ ዘፈኖች የተጫወተው እንዲህ ባለ ክር ነው፣ ያውም በአንድ ጣት፣ በሌባ ጣቱ። ለዓመታት ስሙ እንኳን ሸክላዎቹ ላይ አልተጻፈም፣ ዓለም ግን በእሱ ቤዝ ጨፍሯል። ዋጋው ይወደዳል፣ ቢሆንም ዓመታት ያገለግላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር አስመጣልሻለሁ።

አምፕሊፋየር አሁን አትግዢ። የጊታር አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርገሽ እንዳትሰኪ፣ ስፒከሩ ይቀደዳል። ዶርም ውስጥ በሄድፎን ተለማመጂ። ሥራ ስትወጪ ዲአይ ቦክስ የምትባል ትንሽ ሳጥን ትበቃሻለች፣ በሷ በኩል ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ትገቢያለሽ። አንድ ቀን የራስሽን አምፕሊፋየር ስትይዢ የአዳራሹ ማዕዘን ላይ አታስቀምጪው። የዚያች የ41 ምት ድምፅ የሞገዷ ርዝመት 8 ሜትር አልፎ ይሄዳል፣ ማዕዘን ላይ ስትሆን ግድግዳው ያጎላታል፣ አዳራሹ ሁሉ ይጓራል፣ የዘፋኙም ቃል ይጠፋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይሄን ከማንም በላይ ከእኔ እንድትሰሚው ነው የምፈልገው።

ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚያሳዩሽ አንድ ነገር ነው፤ መነሻውን ምቺ፣ ከዚያ አምስተኛውን፣ ከዚያ ኦክታቩን። ዶ፣ ሶል፣ ላይኛው ዶ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ ላይ ይሄዳል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ሶል አለ። ባቲም፣ አምባሰልም ሶል አላቸው። አንቺ ሆዬ ላይ ስትደርሺ ግን ይበላሻል። አንቺ ሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሶል የለም! ዘፋኙ ሶል ፍላት ላይ ሆኖ እያንጎራጎረ አንቺ ከሥር ሶል ብትመቺ በግማሽ ድምፅ ትጋጫላችሁ። ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱ ይቋጠራል። እዚያ ጋ ዶና ላይኛው ዶ ላይ ቆዪ፣ ወደ ፋ ሂጂ፣ ተመለሺ። ከፋ ወደ ላይኛው ዶ ያለው ርቀት ራሱ ንጹሕ አምስተኛ ስለሆነ ጆሮ ያርፍበታል። አምባሰል ደግሞ ሚ የለውም፣ ሚ ፍላትም የለውም፤ ኪቦርዱ ሚ ያለበትን ሜጀር ኮርድ ቢጭንበት አንቺ ሚ እየነካሽ አታግዢው። ቅኝቱ የሌለውን ነገር ቤዝ ይዞበት ሲመጣ በጣም ያመኛል፣ ምክንያቱም ቤዝ የነካው ሁሉ መሠረት ሆኖ ነው የሚሰማው።

አራቱን ቅኝት በአራቱም ክር ላይ፣ ከየትኛውም ፍሬት ተነስተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትሄጂበት ድረስ ሌላ ነገር ባትለማመጂ ደስ ይለኛል። ፈጣን ጣት ኋላ ይመጣል። አውራ ጣት እየመቱ ማንጫጫቱም ይቆይ።

ምቱ ላይ ደግሞ ችክችካን ልመጂ። በ6/8 ቁጠሪ፣ 1ኛውንና 4ኛውን ያዢ፣ 3ኛውና 6ኛው ላይ አንዳንዴ ወደሚቀጥለው የምትገፋ አጭር ድምፅ ጣል አድርጊ። አንዳንዴ ነው ያልኩሽ። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው ከከበሮው ጋር ነው የሚነጋገረው፣ አንቺ ከከበሮው ጋር ከተጣበቅሽ ሰውየው ሳያውቀው ይመቸዋል። ጎንደር ላይ ይሄን ከተማርሽ የትም አገር ትጫወቺያለሽ።

አዝማሪ ጋር ስትቀመጪ ሌላ ነገር አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚቃኘው ለድምፁ ነው፤ ትናንት የተነሳበት ቦታ ዛሬ ላይሆን ይችላል። ሲጀምር አትምቺ፣ ስሚው። ማረፊያውን አግኚ። ከሁለት ፍሬት መሃል ከዋለብሽ አራቱንም ክር ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርገሽ ወደ እሱ ሂጂ፣ ቱነሩ ምንም ቢልሽ። ከዚያ «ተቀበል» የሚሉት ይጀምራል። አንዱ ከጠረጴዛው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ይጨምርበታል፣ ሌላው ይነሳል፣ ሳቅ ይሆናል፣ ያቺ አራት ቤት ትሆናለች ያልሻት ስንኝ ስምንት ትሆናለች ወይም መሃል ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ያኔ ቤዝ ተጫዋች ይጠብቃል። መነሻው ላይ ሆነሽ፣ ዓይንሽን ከአዝማሪው ሳትነቅዪ፣ እሱ ሲያርፍ አብረሽ ታርፊያለሽ። እኔ በሕይወቴ የተማርኩት ሙዚቃ ማለት ብዙው እዚያ የተማርኩት ነው።

ለዚህ ነው ኦርጋኑ የሚያናድደኝ። አሁን ብዙ ሰርግ ላይ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ይጠራል፣ ከበሮውም ቤዙም ተሞልቶ የገባ ነው። ጠሪው ብር ይቆጥባል፣ እሱን አልፈርድበትም፣ ሰርግ ውድ ነው። ግን ያ የተሞላ ቤዝ አዝማሪውን አይጠብቀውም። አዝማሪው ነው መሣሪያውን የሚጠብቀው፤ ስንኙን ያሳጥራል፣ ቀልዱን ይተዋል፣ ሰው የሰጠውን ግጥም ሳይጨርስ ያልፈዋል። ይሄ ለኔ ትልቅ ኪሳራ ነው። አንቺና ጓደኞችሽ ሰው ሆናችሁ ብትጫወቱ፣ እየተሳሳታችሁም ቢሆን፣ እኔ ያንን እመርጣለሁ።

ስለ መስማት ካነሳን ዋልያስ ባንድ ላይ መላኩ ገብሬን አድምጪ። በመሣሪያ ብቻ የተጫወቷቸው ላይ ቤዙ አንዲት ሐረግ ይይዝና አይለቃትም፣ ሌላው ሁሉ በላዩ ይሄዳል። ከዚያ ጆቫኒ ሪኮን፣ አይቤክስ ላይ፣ ኋላም ሮሃ ባንድ ላይ። ማህሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የቀረጻቸውን በሄድፎን ክፈቺና ድምፃዊውን ለጊዜው ተዪው፣ ከሥር ያለውን ብቻ ተከተዪ። ከባድ ነው፣ ማህሙድን መተው ይከብዳል። ሄኖክ ተመስገንንም ስሚ፣ አድማስ ባንድ በፈረንጆቹ 1984 ዋሽንግተን ላይ ከቀረጸው ጀምሪ። ከውጭ ደግሞ የቦብ ማርሊው አስተን ባሬት ይበቃሽ ለጊዜው፤ የሚተወውን ባዶ ቦታ ልብ በዪ። በስልክ ስፒከር ግን አትስሚ። ስልክ ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም፣ አንቺ የምትሰሚው ጥላውን ነው።

ሥራን በተመለከተ ገና ነሽ፣ ግን መጠራትሽ አይቀርም። እዚህ ጥር ሲገባ፣ በተለይ ከጥምቀት በኋላ፣ ቅዳሜና እሁድ እረፍት የለንም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ፋሲካ ሲወጣ እንደገና ይጀመራል። ጾሙን እኔ ለልምምድና ዕቃ ለማጽዳት አውለዋለሁ። ስትጠሪ ብሩን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደሚከፍልሽ አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ በቴሌግራምም ቢሆን ይጻፍ። አንድ ሆቴል ለአንድ ምሽት ሥራ ክረምቱን ሙሉ እንዳመላለሰን እናትሽ ትነግርሻለች። ቦርሳው ባለ ሁለት ማንገቻ ይሁን፤ ቤዝ 4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከፒያሳ ቁልቁል በባጃጅ ስትሄጂ እቅፍሽ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከሹፌሩ ኋላ ጭንቅላቱ በር ላይ እንዳይመታ ጠብቂው። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን ወዲያው ንቀዪ፣ ሲመለስ ኃይሉ ይዘላል። ማሲንቆውና ከበሮው አይቋረጡም፤ አንቺም ቤዙን አስቀምጪና አጨብጭቢ፣ ዘፈኑን ተቀበዪ፣ ከመድረክ አትውረጂ። ሰው ይሄን ይወዳል። የፈተና ሳምንት ግን ማንም ቢጠራሽ አይሆንም በዪ፣ እዚህ ላይ እኔና እናትሽ አንድ ነን።

ጆሮሽን ጠብቂ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል ይላሉ የሙያው ሰዎች፣ 100 ሲሆን ግን 15 ደቂቃ ብቻ። ከድራም አጠገብ ስትቆሚ 100 ምንም ማለት አይደለም። ፋርማሲ የሚሸጠው የጆሮ ስፖንጅም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ከኛ ሰዎች አንዱ አሁን በቀኝ ጆሮው ቀጭን ድምፅ አይሰማም፣ ማሲንቆውን የሚለየው በግራው ነው። ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ገዝተሽ ከመክፈልሽ በፊት የአንገቱን ፎቶ ከላይ ወደ ታች፣ ከጭንቅላቱ በኩል አንስተሽ ላኪልኝ። ሻጩ አጣዳፊ ከሆነ ደውዪ፣ ክፍል ውስጥ ብሆንም አነሳለሁ። ፍላትዋውንድ ክር የኔ ትርፍ አንድ አለኝ፣ ብዙም አልተጫወትኩበትም፣ ለ34 ኢንች ነው፤ አጭሩን ከገዛሽ አይሆንሽም። ለረጅሙ ከሆነ የአክስትሽ ልጅ ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ እሰጠዋለሁ። ለጥምቀት ስትመጪ አንቺ አንቺ ሆዬን ከሚ ተነስተሽ ትይዢልኛለሽ፣ እኔ ክራሩን እይዛለሁ።

አባትሽ፣ ጎንደር