በጣና ዳርቻ የለስላሳ ሸክላ ጥንካሬ እዚያው መሬት ውስጥ ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ጋር በተያያዘው ዝቅተኛ መሬት ላይ ፎቅ የሚሠሩ ወገኖች እየበዙ ስለሆነ፣ ከመሠረት ሥራ በፊት የሚደረገው የአፈር ምርመራ ከቦታው አፈር ጋር የሚስማማ እንዲሆን ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ። በከተማችን አንዳንድ ቦታ ጥቂት እንደተቆፈረ ጥቁር አለት ይገኛል፤ ሌላ ቦታ ግን ውኃ የጠገበ ለስላሳ ሸክላ ያጋጥማል።

በስፋት የሚሠራበት ኤስፒቲ የተባለው በመዶሻ ምት የሚደረግ የአፈር ሙከራ 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ የናሙና ቱቦው ወደ አፈሩ ለመግባት የፈጀውን ምት ይቆጥራል። ለአሸዋ ጥሩ ነው። በለስላሳ ሸክላ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት ከሁለት እስከ አራት ምት ይበቃዋል፤ እጅግ ከለሰለሰም በዘንጎቹ ክብደት ብቻ ይሰምጣል። አንዲት ምት ስትጨመር ወይም ስትቀነስ ውጤቱ እጅግ በሚለዋወጥበት ስሌት ላይ ሕንፃ ማቆም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ናሙና አውጥቶ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድም የራሱ ጉድለት አለው፤ ሸክላው ከጉድጓድ ሲወጣና በመኪና ሲንገላታ ይታወክና ይዳከማል።

የቬን ሙከራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አራት ክንፍ ያለው፣ ቁመቱ የስፋቱ እጥፍ የሆነ መሣሪያ ከጉድጓዱ ወለል በታች ወዳልተነካው ሸክላ ተገፍቶ ይገባና በደቂቃ ስድስት ዲግሪ ያህል በዝግታ ይዞራል፤ አፈሩ ተቆርጦ እስኪለቅ የተቋቋመው ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ሸር ጥንካሬ፣ ማለትም አፈሩ ተንሸራቶ እንዳይቆረጥ የሚቋቋምበት አቅም፣ ይሰላል። ከዚያም ክንፉ ብዙ ጊዜ በፍጥነት እንዲዞር ተደርጎ የታወከው አፈር እንደገና ይለካል። የሁለቱ ንጽጽር ሸክላው በቁፋሮ ወይም በፓይል (ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ የመሠረት ምሰሶ) ሥራ ቢታወክ ምን ያህል እንደሚዳከም ይነግረናል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ይህ ሲሆን ባየኋቸው ሪፖርቶች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የሸር ጥንካሬው 20 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ) የሆነ ሸክላ፣ ከመክዳቱ በፊት የሚሸከመው የመጨረሻ ጭነት ለደኅንነት ለሦስት ሲካፈል፣ በካሬ ሜትር ሦስት ቶን ተኩል ገደማ ብቻ እንዲጫንበት ይፈቅዳል። በስህተት 40 ተብሎ ከተገመተ የሚፈቀደው ጭነት እጥፍ ይሆናል።

ወቅቱም ሊታሰብበት ይገባል። ማሽን በቀላሉ ስለሚገባ ቁፋሮው በበጋ ይመረጣል፤ በዚያ ጊዜ ጥቁሩ አፈር ከላይ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፣ ከሥሩ ያለው ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። የሐይቁ ውኃ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ሲል ቅርፊቱም ውኃ ጠግቦ ሊለሰልስ ስለሚችል፣ በበጋ በቅርፊቱ ላይ የተገኘ ልኬት ለዚያ ወቅትም ሆነ ለታችኛው ንብርብር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቬንም ቢሆን እንዳለ አይወሰድም። የኖርዌይ ጂኦቴክኒክ ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት ላውሪትስ ቢየሩም እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት ፕላስቲሲቲው (ሲርስ ሳይሰነጠቅ እንደ ሊጥ የመለወስ ጠባዩ) ከፍተኛ በሆነ ሸክላ ቬን ጥንካሬውን አጋንኖ ያሳያል። የዚህ ጠባይ መለኪያ የሆነው የፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ 20 ሲሆን ልኬቱ ማስተካከያ አያስፈልገውም ማለት ይቻላል፤ ወደ 100 ሲጠጋ ግን በ0.6 ገደማ ይባዛል። ጥቁር አፈራችን ፕላስቲሲቲው ከፍተኛ በመሆኑ ይህ ማስተካከያ በጣም ይመለከተናል።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ለስላሳ ሸክላ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ከቅርፊቱ በታች በየሜትሩ የቬን ልኬት እንዲቀርብ፣ የውኃው ከፍታና የተለካበት ቀን እንዲመዘገብ፣ መርማሪው መሐንዲስ ራሱ አስልቶ ማረጋገጥ እንዲችልም በመስክ የተገኘው ቁጥርና የተስተካከለው ለየብቻቸው እንዲጻፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ፣ ከባሕር ዳር