ከመጋዙ በፊት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ይኑር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ፤ ቤቴ ከግንፍሌ ወንዝ ብዙም አይርቅም። የምጽፍላችሁ በሰፈራችን እየተቆረጡ ስላሉት ትልልቅ ዛፎችና ዛፎቹ ውስጥ ስለሚኖሩት ወፎች ነው። የጎረቤቶቼም ሐሳብ ስለሆነ በእነሱም ስም ጭምር ነው የምናገረው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ልማቱን አልቃወምም። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት እናቴ በክረምት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ጭቃውንና የተከፈተውን ቦይ እየዘለለች ነበር። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ማታ መብራት አለ፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ ጥሩ ነው ማለትም አይከብደኝም። የኔ ጥያቄ መንገዱ ለምን ተሠራ አይደለም። መንገዱ ሲሠራ አርባ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ የቆመ ጽድ ወይም ወይራ ላይ ማን እንደሚኖር ሳይታይ ለምን ይቆረጣል ነው።

ብዙ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ወፍ ቁራና እርግብ ብቻ ይመስለዋል። ቁራውም እርግቡም ቢሆን እንደቀላል የሚታይ አይደለም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ያ ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ጠዋት ጠዋት እየጮኸች በጣራችን ላይ የምታልፈው፣ ምንቃሯ ረጅምና ጎባጣ የሆነው ትልቋ ጥቁር ወፍ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። እኛ ግን በየቀኑ ስለምናያት ልብ አንላትም።

ከሁሉም በላይ የምታሳስበኝ ግን ትንሿ በቀቀን ናት። አዎ፣ አራት ኪሎ ውስጥ በቀቀን አለች። በጓሮ የማታውቋት ካላችሁ ጠዋት የጽድ ዛፍ ሥር ቆም ብላችሁ ስሙ። አረንጓዴ ናት፣ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም፣ ምንቃሯ ቀይ ነው፣ ጭራዋ አጭር ነው። ወንዱ ግንባሩ ላይም ቀይ አለው። የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ትበላለች። በቡድን እየተንጫጫች ትበራለች፣ ሲመሽ ደግሞ ሁሉም ተሰብስበው የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብተው ያድራሉ። የምትፈለፍለውም እዚያው ሽንቁር ውስጥ ነው። እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ናት፤ ሌላ አገር የላትም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሽንቁር ያለው ዛፍ ያረጀ ዛፍ ነው። ያረጀ ዛፍ ደግሞ የሚቆረጥ ሲፈለግ መጀመሪያ ምልክት የሚደረግበት ነው። «ውስጡ በስብሷል»፣ «ቅርንጫፉ ደርቋል»፣ «መልኩን ያበላሻል» ይባላል። ስለዚህ ከአሥር ዛፍ ሁለቱ ብቻ ይቆረጡ ቢባል እንኳ ሁለቱ የወፎቹ ቤት የነበሩት ይሆናሉ። ስምንቱ ቀሩ ብለን እንጽናናለን፤ ስምንቱ ግን ገና ሽንቁር የሌላቸው ወጣቶች ናቸው።

«በምትኩ ችግኝ ተተክሏል» የሚል መልስ ሁሌም እንሰማለን። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፣ ወደፊትም እተክላለሁ። ግን የሐበሻ ጽድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሽንቁሩ ደግሞ ከችግኙ ጋር አብሮ አይተከልም። ቅርንጫፍ በነፋስ ይሰበራል፣ ስብራቱ በክረምት ውሃ ያስገባል፣ ውስጡ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ግንደ ቆርቁር መጥቶ ይፈለፍለዋል፣ ይሄ ሁሉ ስንት ዓመት ከፈጀ በኋላ ነው ለአንዲት በቀቀን መኝታ የሚሆነው። ዛሬ የተተከለው ችግኝ ለልጅ ልጆቻችን ወፎች ይጠቅም ይሆናል። ዛሬ ማታ ማደሪያ ላጡት ግን ምንም አያደርግላቸውም። አብዛኛው በመንገድ ዳር የሚተከለውም ዘንባባና ለጌጥ የመጣ ተክል ነው፣ ፍሬውም ለእነሱ የሚሆን አይደለም። አዲስ የተነጠፈው ሣር ላይ ያቺ ጎባጣ ምንቃር ያላት ወፍ ትል ስትለቅም አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛልም። ቀን የምትበላበት ሣር አገኘች፤ ሲመሽ የምታርፍበት ረጅም ዛፍ ግን ከዓመት ዓመት እየራቃት ነው።

በኛ ሰፈር አንድ ትልቅ ጽድ ነበር። ከአሮጌ የቀበሌ ቤቶች ግቢ ውስጥ የበቀለ ነው። ሥሩ ቡና ይፈላ ነበር፣ ሐዘን ሲሆን ድንኳኑ የሚታሰረው በሱ ነበር። የግቢው ሰዎች ለልማት ተነሥተው ወደ ዳር ከተማ ሲሄዱ ዛፉ ብቻውን ቀረ። አንድ ጠዋት ሠራተኞች መጡና ቆረጡት። ልጆቹን አልወቅስም፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ቁረጡ ተባሉ ቆረጡ። ግንዱ ወድቆ ሲሰነጠቅ ከሽንቁሩ ገና ላባ በደንብ ያላወጡ ጫጩቶች ወጡ። የሰፈር ልጆች ካርቶን ውስጥ አድርገው ዳቦ በወተት ሊያበሏቸው ሞከሩ። አልተረፉም። ትልልቆቹ ወፎች ለቀናት እዚያው ባዶው ቦታ ላይ እየዞሩ ይጮኹ ነበር። ያኔ ነው ጎረቤቶቼም እኔም ዝም ማለት የለብንም ያልነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ስለ ወፍ ታወራለህ ወይ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው። ያን ዛፍ ያቆዩት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ማን እንደተከለው የሚያውቁት፣ ልጅ ድንጋይ ሲወረውርበት የሚቆጡት፣ ማገዶ ሲጠፋ እንኳ ያልነኩት እነሱ ናቸው። ሰዎቹ ሲሄዱ ዛፉን «ይሄ አይቆረጥም» የሚል ባለቤት አጣ። አንዲት ከዚያ ግቢ የተነሡ እናት ለበዓል ሰፈር ሊጠይቁ መጥተው ባዶውን ቦታ ሲያዩ ከቤታቸው ይልቅ ስለ ዛፉ ነው ያለቀሱት።

ሰሞኑን ስለ አውስትራሊያው ኮዋላ ሳነብ ነበር። እዚያም ነዋሪው ተመሳሳይ ጩኸት እየጮኸ ነው። ከተሞቹ እየሰፉ፣ መንገድና ቤት እየተሠራ፣ ኮዋላ የሚኖርበት የባሕር ዛፍ ጫካ ይቆራረጣል። ኮዋላ ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ የሚያሳልፍ፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ሌላ እምብዛም የማይበላ እንስሳ ነው። ዛፉ ሲቆረጥበት መሬት ወርዶ ሌላ ዛፍ ፍለጋ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ መኪና ይገጨዋል ወይም ውሻ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኒው ሳውዝ ዌልስ ፓርላማ ያካሄደው ምርመራ እርምጃ ካልተወሰደ በዚያ ግዛት ኮዋላ ከ2050 በፊት ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቀ። በ2022 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማዋ ግዛት ያለውን ኮዋላ ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዘገበው።

ይሄን ያነሣሁት ባሕር ዛፍ ለኛም ባዕድ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ባሰቡበት ዘመን ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው። እንጦጦ ላይ ያለው ነጭ ባሕር ዛፍ በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በእርሻ መልክ ይተከላል፣ ለወረቀትም ይቆረጣል። ኮዋላ ግን እዚያ ይወጣበታል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ሥራው ኮዋላ መፈለግ የሆነ ሰው ፊት ፊት እየሄደ ዛፉን ሽቅብ እያየ ይፈትሻል። ኮዋላ ካገኘ ዛፉን ከነዙሪያው ትተውት ያልፋሉ። እንዲህ እያደረጉም የሚጎዳ እንስሳ አለ፣ ሙግቱም አላለቀም። ግን ቢያንስ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አለ። ያውም ለመቆረጥ ብለው በተከሉት ዛፍ ላይ። እኛ አያቶቻችን በጠበቁት ጽድ ላይ ይሄን ማድረግ ያቅተናል?

«ወፍ ክንፍ አላት፣ በርራ ትሄዳለች» የሚሉም አሉ። ወዴት ነው የምትሄደው? ቀጥሎ ያለው ሽንቁር ባዶ አይደለም፣ ሌላ ቤተሰብ አለበት። ጫጩት ደግሞ አይበርም።

ሕጉም ቢሆን የለም አይባልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠቅሶ ጥበቃ ሰጥቷቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የማኅበረሰቡ አስተያየት እንዲካተት ይላል። እኛ ግን ዛፍ እንደሚቆረጥ የምናውቀው የሞተር መጋዙን ድምፅ ስንሰማ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። አንድ ትልቅ ዛፍ ከመቆረጡ ከሳምንታት በፊት ግንዱ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፦ መቼ፣ ለምን፣ ጥያቄ ያለው በየትኛው ስልክ ይደውል። ከዚያ ወፍ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይየው። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሩቅ አይመጣም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ እዚሁ አራት ኪሎ ነው፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ለረጅም ዘመን በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎች በደስታ ይሠሩታል ብዬ አምናለሁ። ጫጩት ካለ ጫጩቱ እስኪበር ይጠበቅ። ዛፉ የመብራት መስመር ላይ ወይም የሰው ጣራ ላይ ያዘነበለ ከሆነ ግድ ነው፣ ይቆረጥ፤ ሰው ይሙት የሚል የለም። ግን ብዙ ጊዜ አደገኛውን ቅርንጫፍ ብቻ አውርዶ ግንዱን ማቆየት ይቻላል፤ ሽንቁሩም ያለው ግንዱ ላይ ነው። የእግረኛ መንገዱንም አንድ ሁለት ሜትር ጠምዘዝ ማድረግ ዲዛይኑን አያበላሸውም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ እግረ መንገዴን ልናገረው። «ይሄኛውን አትርፈነዋል» ተብሎ የተተወ ዛፍ ሥር ሲሚንቶና ታይልስ ግንዱ ድረስ ይለበጣል። ሥሩ ውሃም አየርም አያገኝም። ዛፉ ወዲያው አይሞትም፣ ቀስ እያለ ከጫፉ ይደርቃል፣ ከዚያ «ደርቋል» ተብሎ ይቆረጣል። እባካችሁ ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ አፈሩን ክፍት ተዉለት።

የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ዘጋቢ ልካችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቁልን፦ በመሃል ከተማው ያሉ ነባር ዛፎች ተመዝግበዋል ወይ? መዝገቡ ካለስ ነዋሪው የት ሄዶ ማየት ይችላል? ሁለተኛ፣ በፒያሳ፣ በስድስት ኪሎ፣ በቀበናና በካዛንቺስ ያላችሁ አንባቢዎች በሰፈራችሁ ትንሿ በቀቀን የምታድርበት ዛፍ ካለ ቦታውን ለጋዜጣው ጻፉ። እኛ በግንፍሌ በኩል ያሉትን መጻፍ ጀምረናል። ዝርዝሩን ስንጨርስ ለወረዳውም ለእናንተም እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ