ለእንስሳት ግቢያችንና ለልጆች ሥዕል ቤት ጣሪያ፦ የድጋፍ ጥሪ

በባሕር ዳርና በጣና ዳር ለምትኖሩ፣ በሩቅም ሆናችሁ ይህችን ከተማ ለምታስቡ ወገኖቻችን፣

ጤና ይስጥልን። እንደገና መጣን። በሁለት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ እጃችንን ስንዘረጋ እንደምናሰለቻችሁ እናውቃለን። እኛም ደክሞናል። ግን ዝም ብለን ብንቀመጥ መስከረም ሲጠባ ልጆቹን ምን እንላቸዋለን?

የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በሰኔ ሚካኤል ማግስት ሌሊት ከሐይቁ በኩል የተነሳው ነፋስ ከበረዶ ጋር መጥቶ የትምህርት ቤታችንን የእንስሳት ግቢ ጣሪያ ገነጠለው። የሥዕል ቤቱ ጣሪያም ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለነበር አብሮ ወረደ። ሁለት ዶሮዎችና አንዲት ጥንቸል ሞቱ። ፍየሏ፣ እርግቦቹና የቀሩት ጥንቸሎች ተርፈዋል። ሌሊት መሆኑ በጀን። ቀን ቢሆን ኖሮ ከስሩ ልጆች ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጠዋት ስደርስ የጥበቃ አባታችን ጭቃ ውስጥ ቆመው ቆርቆሮ ያነሳሉ። አብሬያቸው ሳነሳ የተረኞች ደብተር ከስር ወጣ። ሽፋኑ ተቀዷል፤ ቀለሙም በውሃ ተዘርግቷል። የመጨረሻው ገጽ ግን ይነበባል። ላይኛው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ነው፦ «ግራጫዋ ጥንቸል ዛሬ ጎመን አልበላችም። ሆዷን ስንነካው ጠንክሯል። ነገ ካሮት እናምጣላት?» ከስሩ በሰባተኛ ክፍል ልጅ እጅ «እኔ አመጣለሁ» ይላል። የሞተችው ያቺ ጥንቸል ናት። ካሮቱን በላስቲክ ይዞ የመጣውን ልጅ በር ላይ ያገኘሁት እኔው ነኝ።

የግቢውን ታሪክ ከመጀመሪያው አንዘረዝርም። ያ የአጥር ጥግ ቆሻሻ መጣያ እንደነበር፣ በደቦ ያጸዳችሁትም እናንተው እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ። አሠራሩን ግን ላስታውሳችሁ፤ ምክንያቱም ሰው የሚያየው ፍየሏን ብቻ ነው። በእኛ ግቢ ማንም ልጅ ለብቻው ተረኛ አይሆንም። አንድ ከታችኛው ክፍል፣ አንድ ከላይኛው ክፍል ይጣመራሉ። ጥንዱን የሚያወጣው ዕጣ ነው፤ ጓደኛ መርጦ መግባት የለም። አንድ ወር ሙሉ ውሃ ይቀዳሉ፣ ፉርሽካ ይለካሉ፣ ፍግ ይጠርጋሉ፣ ያዩትን ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ። ወሩ ሲያልቅ የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ የሦስተኛ ክፍሉን ልጅ በእረፍት ሰዓት ሲፈልገው ታያላችሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በትምህርት ቤታችን በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች አሉ። ታንኳ በመሥራት ከእነሱ አያቶች የሚስተካከል እንደሌለ የጣና ሰው ሁሉ ያውቃል። ሆኖም በድሮ አጉል ወሬ የተነሳ አብሯቸው መቀመጥ የማይፈልግ ልጅ ነበር። ምሳቃ የማይጋራቸውም ነበር። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ዓመቱን ሙሉ ምሳውን ከቧንቧው ጀርባ ሲበላ መምህራኑ አይተዋል። ምክር ተሰጠ፤ በሰልፍ ላይም ተነገረ። ምንም አልተለወጠም።

የለወጠው ደንገል ነው፤ ያ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል። የልጁ አያት እንዲያስተምሩልን ጠየቅናቸውና አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሸክም ደንገል ይዘው መጡ። ሥዕል ቤቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ደንገሉን በእግራቸው ጣት ቆንጥጠው፣ በጥርሳቸው ገመዱን ስበው ሲያስሩ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ እንደየፍላጎታቸው ሥሩ ተባሉ። አንዷ ፔሊካን ሠራች። አንዱ ጉማሬ ሞክሮ ሆዱ እየተፈታበት ተቸገረ። ማሰሪያውን ማን ያውቃል? ከቧንቧው ጀርባ የሚበላው ልጅ! የዚያን ቀን ስምንት ልጆች ተራ ይዘው «እኔንም አሳየኝ» ሲሉት ቆሜ አይቻለሁ። ምሳውን አሁን የት እንደሚበላ መናገር አያስፈልገኝም። ያ ደንገል የተሠራበት ክፍል ነው እንግዲህ ዛሬ ሰማይ የሚታይበት።

አንዳንድ ሰው ግቢያችንን «መካነ እንስሳት» ይለዋል። እኛ የዱር እንስሳ አናስርም፤ ያለ ፈቃድ ሕጉም አይፈቅድም። ጉማሬ ማየት ለሚፈልግ ልጅ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ አለለት። ፔሊካኑም ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ በሚያጸዱበት ዳር ሞልቷል። ልጆቹን እዚያ እንወስዳቸዋለን። የሥዕል መምህራቸው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ እርሳስ አይሰጧቸውም። «ዝም ብላችሁ እዩ» ይሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚሳለው። ይህን ልማድ ግቢ ውስጥም ያደርጉታል። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ፍየሏን አሥር ደቂቃ ካየች በኋላ እየሮጠች መጥታ «የፍየሏ ዓይን ውስጥ ያለው ጥቁር ክብ አይደለም፤ እንደ ማስመሪያ የተጋደመ ነው» አለችኝ። ስንት ዓመት ፍየል ሳረባ ኖሬ እኔ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። የሳለችው ሥዕል ግድግዳው ላይ ነበር። ረጥቦ ቢሸበሸብም አድርቀን አስቀምጠነዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ የሚወራውን ሰምተናልና።

«በ2011 ዓ.ም. ልጆች አዲስ አበባ ድረስ አንበሳ ለማየት መውሰድ ምን ይሉታል?» ተብለናል። ልንመልስ ይገባል። 34 ልጆች፣ አራት መምህራንና ሁለት ወላጆች ሄዱ። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። ጠቅላላ ወጪው 41,200 ብር ነበር። ደረሰኞቹ በፋይል ተሰፍተው ርእሰ መምህሩ ቢሮ አሉ፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው። ግማሹን የሸፈኑትም የተጓዦቹ ልጆች ወላጆች ናቸው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በ1940ዎቹ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው። እዚያ ያሉት አንበሶች ጎፈራቸው ጥቁር ነው፤ ደረታቸውንና ሆዳቸውን ጭምር ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘር ጥናትም ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ልጆቹ ይህን ሰሙ፣ በከሰል ሳሉ፣ ተመለሱ። አውቶቡስ ውስጥ ግን የተከራከሩት ስለ ጎፈሩ አልነበረም። አንዱ ልጅ «አንበሳው ጓደኛ አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ድረስ በዚያ ሲነጋገሩ መጡ። ጥንዶች ሆኖ ተረኛ የመሆን ሐሳብ የመጣው ከዚያ ክርክር ነው፤ ያመጡትም ልጆቹ ናቸው። ለዚያ ጉዞ የወጣው ብር አልባከነም ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። «ክፍል ውስጥ ወንበር ሳይሟላ ለፍየል ጣሪያ?» ይሉናል። የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እኛም ወላጆች ነን። ለዚህም ነው በ2013 ዓ.ም. ይኸው ኮሚቴ 46 ዴስክ ያሠራው። የውሃ ማጠራቀሚያውንም ያስገባነው እኛ ነን፤ የሚጠጡትም ልጆቹ ናቸው። ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎረቤቱን የሚጠላ ልጅ ምን ተማረ እንበል? ድሮ ሰኞ ሰኞ በድብድብ ወላጅ ይጠራ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ከየቦታው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ተቀብለናል። ስንቱን አይተው እንደመጡ እናንተም ታውቃላችሁ። እነዚህን ልጆች ቶሎ ከሌሎቹ ጋር የሚያቀላቅልልን ተረኝነቱ ነው። መጥተው በሳምንታቸው ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ጥንቸሏ ከየት መጣህ ብላ አትጠይቅም።

ጣሪያው ለምን ወደቀ? ይህንንም አንሸሽግም። ስንሠራው ገንዘብ አጥሮን በባሕር ዛፍ አጠና ነው ያቆምነው። ምስጥ ከስር በልቶታል። ማገሩም ሳስቶ ነበር። ነፋሱ የጨረሰው ምስጥ የጀመረውን ነው። ስለዚህ አሁን ደግመን በእንጨት አንሠራም። ከስር ሲሚንቶ፣ ምሰሶውና ማገሩ ቱቦላሬ ብረት፣ ላዩ ወፍራም ቆርቆሮ ይሆናል። በሦስት ብየዳ ቤቶች ዋጋ አስጠይቀን ዝቅተኛውን ይዘናል። ጠቅላላው 312,000 ብር ነው። እስካሁን 118,650 ብር ተሰብስቧል። 193,350 ብር ይቀረናል። የብረት ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚጨምር የዘገየንበት እያንዳንዱ ሳምንት ያስከፍለናል።

አንድ ድርጅት ግማሹን እችላለሁ ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር። ሁለት ወር ጠበቅን፣ ደብዳቤ ጻፍን፣ ደጅ ጠናን። መልስ የለም። በዚያ ተማምነን ማሰባሰቡን ማቀዝቀዛችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የአቡዬ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል እናያለን። ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር ከብበዋቸው፣ የተጠማችው ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። ያንን ሥዕል ሳይስም የሚያልፍ የለም። ሐጂ አባላችን ደግሞ በስብሰባ ላይ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን፣ በዚያም ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ አስታወሱን። ከዚያ 5,000 ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከተማችንም እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኔስኮን የሚማሩ ከተሞች ሽልማት ያገኘች ከተማ ናት። በዚያው ዓመት ጣና በባዮስፌር ክልልነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው በሚኖሩበት ስፍራነት፣ ተመዘገበ። እንቦጭ ሲወረን ወገባችን ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን በእጃችን የነቀልን ሰዎች ነን። አንድ ጣሪያ አያቅተንም።

አከፋፈሉን እባካችሁ በጥንቃቄ አንብቡት። የኮሚቴው ሂሳብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ስም የተከፈተ ነው። የሂሳብ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ባለፈው ጊዜ ጥሪያችንን አንድ ሰው ገልብጦ፣ ቁጥሩን በራሱ ቁጥር ቀይሮ በቴሌግራም አዙሮታል። የተታለሉ ወገኖች አሉ፤ አዝነናል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ያለው ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ዋና በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ገንዘብ ለማውጣት የሰብሳቢው፣ የገንዘብ ያዥዋና የርእሰ መምህሩ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ባንኩ አይከፍልም።

በማንም ሰው የግል ስልክ በቴሌብር አንቀበልም። በኔም ስልክ ቢሆን አትላኩ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ እዚህ ያለ ዘመዳችሁን ሰሌዳው ድረስ ልካችሁ ቁጥሩን በፎቶ አስነሡ። እጅ በእጅ የምትሰጡ በሥራ ሰዓት ለገንዘብ ያዥዋ ብቻ ስጡ፤ ተራ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደረሰኝ ትቆርጥላችኋለች።

ገንዘብ የሌለው ሰው ባዶ እጄን ነኝ ብሎ አይቅር። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የአንድ ቀን ብየዳ፣ አንድ ሸክም ደንገል፣ ሁሉም ያስፈልገናል። ለጊዜው እንስሳቱ በየቤቱ ተበትነዋል። ፍየሏ እኔ ጋ ናት፤ እርግቦቹ ጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ ናቸው። ጥንቸሎቹን ሦስት ቤተሰቦች ተካፍለዋል፤ ተረኞቹ ልጆች ክረምቱንም በዝናብ እየመጡ ያዩዋቸዋል። ገበያ ላይ የጎመን ቅጠል ስታስቀምጡልን የኖራችሁ እናቶች፣ አሁንም ወደ እነዚህ ቤቶች ላኩልን።

ከፍልሰታ ፍች በኋላ፣ ከነሐሴ 17 ጀምሮ፣ ለመሠረቱ ደቦ አለ። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። ብረቱን ግን እስከዚያ መግዛት አለብን።

ደግመን እንላለን። ቁጥሩ በትምህርት ቤቱ በር ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። ማኅተም የሌለው ወረቀት የኛ አይደለም። የቀረን 193,350 ብር ነው። ደረሰኛችሁን ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ስለ ኮሚቴው፣ ጸሐፊዋ