የጎደሉት ሰባት ሰከንዶች

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኛ እዚህ አዲስ አበባ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁብህ ረስቼህ እንዳልሆነ ታውቃለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የእህትህን የሰርግ ቪዲዮ ከላክሁልህ በኋላ በስልክ ስንነጋገር፣ አባትህ ሙሽሮቹን በሚመርቁበት መጨረሻ ላይ ድምፃቸው እንደሚቋረጥ ነግረኸኝ ነበር፤ እኔም ካሴቱ እዚያ ላይ አልቆ ይሆናል ብዬ መለስሁልህ። ካሴቱ አላለቀም ነበር። የምርቃቱን መጨረሻ ቆርጬ የጣልሁት እኔ ነኝ። ይህን የተረዳሁት እርሳቸው ካረፉ በኋላ በመሆኑ እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ጨነቀኝ፤ ዛሬ ነገ እያልሁም ዝምታው ረዘመ። አሁን የምጽፍልህ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። የሰጠኸኝን ዋናውን ፋይል ሳልነካ አስቀምጬው ስለነበር ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ሠርቼዋለሁ፤ ምርቃቱም እስከ መጨረሻው «አሜን» ድረስ ተገኝቷል። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእጅህ ያሉትን የቀሩትን ፋይሎች ራስህ ልታስተካክላቸው እንደምትፈልግ ስለነገርኸኝ፣ የተሳሳትሁበትንም የታረምሁበትንም በዝርዝር ላስረዳህ።

በ1986 ዓ.ም. የተቀረጸውን ያን የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጠህ በፍላሽ ስትሰጠኝ «ድምፁና ምስሉ አይገጥምም» ነበር ያልኸኝ። የፋይልን ዝርዝር በሚያሳየው፣ ኤፍኤፍፕሮብ በሚባለው የኮምፒዩተር መሣሪያ ስመረምረው የምስሉ ትራክ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ፣ የድምፁ ትራክ ደግሞ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱ ሰባት ሰከንድ ነው። ድምፁ ረዝሟልና ትርፉ ይቆረጥ ብዬ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የምስልና የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም «ሾርተስት» ከሚለው ማዘዣ ጋር አስኬድሁት። ይህ ማዘዣ ከትራኮቹ መካከል አጭሩ ሲያልቅ ሌላውንም እዚያው ያስቆመዋል። ሥራው በአንድ ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ ሁለቱም ትራኮች እኩል ሆኑ፤ እኔም እኩል መሆናቸውን እንደ መግጠም ቆጥሬ፣ ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላየው ላክሁልህ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። ትርፍ የመሰለኝ ድምፅ ትርፍ አልነበረም፤ የጎደለው ምስሉ ነው። ካሴቱ በተጨማደደበት ወይም በተፋቀበት ቦታ ላይ ምስሉን የሚቀበለው መሣሪያ ምልክቱ ስለሚጠፋበት ፍሬሞችን (ምስሉ የተሠራባቸውን ተከታታይ ነጠላ ሥዕሎች) ይዘልላል፤ ድምፁ ግን በሌላ በኩል የሚገባ ስለሆነ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ፋይሉ ሲጫወት እነዚያ የተዘለሉ ፍሬሞች እንዳልነበሩ ተቆጥረው የቀሩት በሰከንድ 25 ሆነው ስለሚደረደሩ፣ ምስሉ ከድምፁ እየቀደመ ይሄዳል። ስለዚህ በሰርጉ መጨረሻ ላይ የአባትህ ምስል ምርቃቱን ጨርሶ እጃቸውን ሲያወርዱ፣ ድምፃቸው ገና ሰባት ሰከንድ ይቀረው ነበር። «ውለዱ፣ ክበዱ» ያሉት፣ የዳሱ ሰው በአንድ ላይ «አሜን» ያለው በእነዚያ ሰባት ሰከንዶች ውስጥ ነው። እኔ የቆረጥሁት ይህን ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ የሁለት ትራኮች ርዝመት ተለያይቶ ስታይ፣ ከመቁረጥህ በፊት ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አጣራ። ከመነሻው ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ኤፍኤፍፕሮብ የእያንዳንዱን ትራክ መነሻ ሰዓት ለየብቻ ያሳይሃል። ከመጨረሻው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ቆሞ ድምፁ ትንሽ የቀጠለ ከሆነ «ሾርተስት» ትክክለኛው መድኃኒት ነው። ከመሃል በድንገት እንደ ደረጃ እየዘለለ ወይም ከመነሻ እስከ መጨረሻ ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን ጫፉን መቁረጥ ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። በነገራችን ላይ የፋይሉ ጠቅላላ ርዝመት ተብሎ የሚወጣው ቁጥር የረጅሙ ትራክ ስለሚሆን፣ የምትጠይቀው የየትራኩን ርዝመት ይሁን። በማትሮስካ (ኤምኬቪ በሚባሉት) ፋይሎች ላይ የየትራኩ ርዝመት በራስጌው፣ ማለትም በፋይሉ መነሻ ባለው መግለጫ፣ ውስጥ ስለማይጻፍ መልሱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ፓኬት (የትራኩን የመጨረሻ ቁራጭ መረጃ) የጊዜ ምልክት ማየት ይበቃል።

በዚህ ፋይል ላይ ሌላ የሚያሳስት ነገርም ነበረ። ሰባት ሰከንድ ከ7,092 ሰከንድ አንጻር ሲሰላ ከሺህ አንድ ያህል ነው። ይህ ቁጥር ለሙያው ሰው እጅግ የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 30 የሚባለው ፍሬም በእርግጥ 30 በ1.001 ተካፍሎ 29.97 ስለሆነ፣ የሁለቱ መምታታት በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ልዩነት ያመጣል። ሥራውን እንደገና ስጀምር እኔም ይኼው ነው ብዬ ድምፁን «ኤቴምፖ» በሚባለው፣ የድምፅን ፍጥነት በሚለውጠው የኤፍኤፍኤምፔግ ማጣሪያ ከሺህ አንድ አፍጥኜ ነበር። ርዝመቱ ገጠመ፤ ከበሮው ግን አልገጠመም። ቆይቼ ሳስበው የአገራችን ካሴት ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ ስለሆነ ያ ምክንያት ከቶ ሊሠራለት አይችልም ነበር።

እውነቱን ያወጣልኝ ከበሮው ነው። የሰርግ ቪዲዮ ለዚህ ሥራ የተሰጠ በረከት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ፊልም ሠሪዎች ድምፅና ምስል ለማግጠም ሰሌዳ ሲያጋጩ፣ በእኛ ሰርግ ግን እጅ ከከበሮ፣ መዳፍ ከመዳፍ በየሰከንዱ ይገናኛል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ግልጽ ምት እየፈለግሁ፣ እጁ ቆዳውን የነካበትን ፍሬምና ድምፁ የተሰማበትን ቅጽበት በወረቀት ላይ ጻፍሁ። በ10ኛውና በ20ኛው ደቂቃ ልዩነት አልነበረም። በ30ኛው ደቂቃ ድምፁ 2.4 ሰከንድ ዘገየ፤ በ40ኛውም፣ በ50ኛውም፣ በ60ኛውም ያው 2.4 ነበር። በ70ኛው 6 ሰከንድ ሆነ፤ እስከ 100ኛው ድረስም አልተለወጠም። በ110ኛው 7 ሰከንድ ደረሰ። ልዩነቱ እንደ ዳገት ቀስ ብሎ የሚወጣ ሳይሆን እንደ ደረጃ በሦስት ቦታ የሚዘልል መሆኑ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ዳገት ቢሆን ኖሮ ድምፁን ማፍጠን ይበቃ ነበር፤ ደረጃ ሲሆን ግን እያንዳንዱ መዝለያ በራሱ ቦታ መጠገን አለበት። በ20ኛውና በ30ኛው ደቂቃ መካከል ያለውን ጊዜ እያጋመስሁ ስፈልግ፣ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ምስሉ በነጭ ነጠብጣብ ተሸፍኖ የሚርገበገብበት ቦታ ላይ ደረስሁ። ሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ ካሴቱ የተጎዳባቸው ቦታዎች ናቸው።

ጥገናው ከምርመራው ይልቅ ቀላል ነበር። ድምፁን ጨርሶ አልነካሁትም፤ ሳይለወጥ እንዳለ ተገልብጦ እንዲያልፍ አደረግሁት። ምስሉን «ትሪም» በሚባለው ማጣሪያ ከሦስቱ መዝለያዎች ላይ ወደ አራት ክፍል ለየሁት። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ የጊዜ ምልክቱን በ«ሴትፒቲኤስ» ወደ ዜሮ መመለስህን አትርሳ፤ «ትሪም» ፍሬሞቹን ይቆርጣል እንጂ የቀድሞ ሰዓታቸውን አይለውጥምና ይህ ከተዘለለ ባዶ ጊዜ ይቀርብሃል። ከዚያ «ቲፓድ» በሚባለው ማጣሪያ የክፍሉ የመጨረሻ ፍሬም ባለበት ቆሞ እንዲቆይ አደረግሁ፤ በመጀመሪያው ላይ 60 ፍሬም፣ በሁለተኛው 90፣ በሦስተኛው 25። በድምሩ 175 ፍሬም፣ አንዱ 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ በትክክል ሰባት ሰከንድ። አራቱን ክፍሎች በ«ኮንካት» ከቀጠልሁ በኋላ ምስሉን አንድ ጊዜ ብቻ ኢንኮድ አደረግሁት፤ ማለትም እንደ አዲስ አሸግሁት።

ኢንኮድ ሳላደርግ በኮፒ (የታሸገውን ሳይፈቱ እንዳለ በመገልበጥ) ብቻ ለምን እንዳልሠራሁት ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ፈጣንና ጥራት የማይቀንስ ስለሆነ እኔም እመርጠው ነበር። ሆኖም በኮፒ ሲሠራ ምስል ሊጀምር የሚችለው ከኪ ፍሬም፣ ማለትም ሌላ ፍሬም ሳይፈልግ በራሱ ሙሉ ከሆነ ፍሬም፣ ላይ ብቻ ነው። ኤክስ264 የሚባለው የምስል ማሸጊያ በተለመደው አሠራሩ በሁለት ኪ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ስለሚፈቅድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም በሆነ ፋይል ላይ ከፈለግኸው ቦታ እስከ 10 ሰከንድ ቀድሞ ሊጀምርብህ ይችላል። ከመነሻው ትክክለኛ አቆራረጥ የምትፈልግ ከሆነ ኢንኮድ ማድረግን አትሽሽ። መጨረሻውን ብቻ ለማሳጠር ግን ኮፒ በአብዛኛው ይበቃል፤ «ሾርተስት» ከኮፒ ጋር ሲሆን ጥቂት አሳልፎ ሊያቆም ስለሚችል ግን፣ የሚቆምበትን ሰዓት ራስህ ለክተህ ብትሰጠው ይሻላል። ርዝመት የሚቀበለውን «ቲ» እና የማብቂያ ሰዓት የሚቀበለውን «ቱ» አደራ እንዳታምታታቸው፤ ከመሃል ጀምረህ ስትቆርጥ ሁለቱ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

ደግሞ ጥቃቅን ልዩነት አያስጨንቅህ። ኤኤሲ በሚባለው ዘዴ ድምፅ የሚታሸገው በ1,024 ናሙናዎች (የድምፅ ልኬቶች) ጥቅል ስለሆነ፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀረጽ አንዱ ጥቅል 21.3 ሚሊሰከንድ ነው። የምስሉ ፍሬም ግን 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልቁት ከስንት አንዴ ነው። ከአንድ ፍሬም ያነሰ የርዝመት ልዩነት እስከ ሺህኛ ሰከንድ ድረስ ላጥፋ ብለህ ሌሊት አትንቃ፤ እኔ ብዙ ሌሊት ነቅቼበታለሁና እነግርሃለሁ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ተመልካች ልዩነቱን የሚያስተውለው ድምፁ ከ45 ሚሊሰከንድ በላይ ሲቀድም ወይም ከ125 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ነው። መዘግየቱን ይበልጥ የምንታገሠው ተፈጥሮም እንዲሁ ስላለመደችን ይመስለኛል፤ አሥር ሜትር ርቆ የሚመታ ከበሮ ከታየ በኋላ ድምፁ እኛ ዘንድ እስኪደርስ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

አጎትህን በስልክ ካሜራና ለብቻው በተቀመጠ የድምፅ መቅጃ የቀረጽኸው ቃለ መጠይቅ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ እውነተኛ ዳገት ነው። ሁለት መሣሪያዎች ሁለት ሰዓት አላቸውና ከሚሊዮን 100 ያህል ቢለያዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 0.36 ሰከንድ ይራራቃሉ። ያንተን ስለካው በመነሻው የገጠመው ድምፅ በ30ኛው ደቂቃ 0.18፣ በመጨረሻው 0.36 ሰከንድ ዘግይቶ አገኘሁት። ለእርሱ «ኤቴምፖ» 1.0001 ብቻ በቂ ነው፤ የንግግሩ ቃና አይለወጥም፤ ምንም አይቆረጥም። ሁለት ቦታ ብቻ ለክተህ እንዳትወስን እንጂ፤ ሁለት ነጥብ ደረጃን ከዳገት አይለይም፤ ቢያንስ አራት አምስት ቦታ ለካ።

አዲሱን የሰርግ ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ዋናውንም ሳይነካ ጨምሬልሃለሁ፤ አንድ ቅጂ እህትህ ዘንድ ይቀመጥ። መጀመሪያ ከ1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ጀምሮ ተመልከተው፤ አባትህ እጃቸውን ሲያነሡና ድምፃቸው ሲጀምር እኩል መሆኑን፣ ከዚያም «አሜን» ሲባል የሰዎቹ አፍ ከድምፁ ጋር መንቀሳቀሱን አረጋግጥልኝ።

አንድ ያልወሰንሁት ነገር ቀርቶኛል። በሁለተኛው መዝለያ ላይ ለ3.6 ሰከንድ ቆሞ የሚታየው ፍሬም እናትህ ወደ ካሜራው ዞር ብለው ፈገግ ያሉበት ነው። በድንገት የቆመ ምስል መሆኑ ያስታውቃል፤ በጥቁር ልሸፍነው ብል አንድ ቃል ለውጦ መልሶ ማስኬድ ብቻ ነው። እኔ እንዳለ ትቼዋለሁ። አንተና እህትህ አይታችሁ የምትሉኝን እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ፣
አዲስ አበባ