ደብዳቤ ለልጄ፦ አሸንድዬን ለልጅሽ ስታሳዪ
ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የልጅ ልጄ ዘንድሮ ዋሽንግተን ውስጥ ከእኩዮቿ ጋር አሸንድዬ እንደምትጫወት ስትነግሪኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሆኖም «አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያሳያሉ» ማለትሽ ስላሳሰበኝ ይህን ጻፍኩልሽ።

አሸንድዬ ልጃገረዶች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጫወቱበት የነሐሴ በዓል ነው። ላሊበላ ልጃገረዶች ሳለን፣ ነሐሴ 13 ቀን ወንዶቹ ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲዞሩ እያየን፣ የእኛ ተራ እስኪደርስ ቀን እንቆጥር ነበር። በ15 አሸንዳ የሚባለውን ረጅም ለምለም ተክል አጭደን፣ ቅጠሉን በጥፍራችን ሰንጥቀን በገመድ ላይ ከጎነጎንን በኋላ፣ እንዳይጠወልግ ውኃ አርከፍክፈን እናሳድረዋለን። በ16 ማለዳ እንሶስላ ሞቀን፣ ኩል ተኩለን፣ እኔም አያትሽ ያዋሰችኝን ድሪ አጥልቄ፣ አስቀድመን የምንሄደው ወደ ቤተ ማርያም ነበር፤ ሐዋርያት ቶማስ ያየውን የእመቤታችንን ዕርገት እነርሱም ያዩ ዘንድ ሁለት ሱባዔ ጾመው ልመናቸው የተፈጸመው በዚህ ዕለት ነውና።

ከዚያ በየቤቱ እንገባለን። አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እየተቀበልን ስንጨፍር ወገባችን ላይ ያለው ቅጠል ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። አባወራው ይወደሳል፤ እርሱም እህል፣ ሙልሙል ወይም ገንዘብ ይሰጠናል፤ እኛም መርቀን እንወጣለን። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስንቀዳና እንጨት ስንለቅም ልብ የማይለን ሰው ሁሉ በእነዚያ ቀናት ተነሥቶ ይቀበለን ነበር። ልጅሽ እንድታውቀው የምፈልገው ይህን ነው።

ይህንኑ በዓል የሰቆጣ ሰዎች ሻደይ፣ የራያ ቆቦዎቹ ሶለል፣ ትግራዮቹ አሸንዳ ይሉታል። በስሙ የሚከራከር ሰው ቢያጋጥምሽ፣ ልጅቷ ባለችበት መልስ አትስጪው።

ስለዚህ ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22 ቀን፣ ከአዳራሹ በፊት ቤተ ክርስቲያን ውሰጃቸው፤ ከዚያም ሦስት አራት ቤት ይዙሩ፣ በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች ዘንድ ይግቡ። አሸንዳው እዚያ ካልተገኘ ረጅም ለምለም ቅጠል ይሁን እንጂ የፕላስቲኩን አታስሪላት። ቀሚሷን እያሠራሁ ስለሆነ፣ ወገቧንና ቁመቷን ለክተሽ በቶሎ ላኪልኝ።

እናትሽ