ከጎሃ ዳገት ስለ ልብ ምት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በከተማችን በጎንደር በማለዳ ስፖርት የሚሠራው ሰው እየበረከተ መጥቷል፤ ከዚሁ ጋር ግን በእጁ ባሰረው ሰዓት ላይ የሚያየው የልብ ምት ቁጥር የሚያስደነግጠው ሰውም በዝቷል። እኔም ከደንጋጮቹ አንዱ ነበርሁ። የ54 ዓመት ሰው ስሆን፣ ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገት በሶምሶማ ስወጣ ሰዓቴ 178 ቢያሳየኝ፣ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ የሚገኘው ጣሪያዬ 166 ነውና፣ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። ወዲያው ጣቶቼን አንጓዬ ላይ አሳርፌ ለ15 ሰኮንድ ብቆጥር 36 ሆነ፤ በአራት ሲባዛ 144 ነው። ላልቶ የታሰረ ሰዓት የሯጩን እርምጃ እንደ ልብ ምት ሊቆጥር እንደሚችል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

166ም ቢሆን አማካይ ግምት እንጂ ወሰን አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ከዚያ በ10 ወይም በ12 ምት ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ደግሞ፣ በተለይ ከቆላ ለመጣ እንግዳ ወይም ውኃ ሳይቀምስ ለሚጾም ሰው፣ ያው እርምጃ ምቱን ይበልጥ ያስጨምረዋል።

የሚያሳዝነው ቁጥሩ በተቃራኒውም ማሳሳቱ ነው። አንድ አሠልጣኝ ለደም ግፊቱ አቴኖሎል የሚወስድ ባልንጀራዬን «ምትህ 120 እንኳ አልደረሰም፣ ጨምር» ሲለው ሰምቻለሁ። የመድኃኒቱ አንዱ ሥራ ምትን ዝግ ማድረግ ስለሆነ፣ ለእርሱ የ220ው ስሌት አይሠራም፤ እየሮጠ አጫጭር ዐረፍተ ነገር መናገር መቻሉ የተሻለ መለኪያው ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የደረት መጨነቅ፣ ራስ መሳት፣ ምቱ መዘበራረቁና ካረፉ በኋላም የማይመለስ ትንፋሽ ነው። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ በሩ የጠበበበት ወጣት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ልብ ደም የሚሞላበት ፋታ ያስፈልገዋል፤ ምቱ ሲፈጥን ፋታው ያጥርና ደሙ ወደ ሳንባ ይከማቻል። የጉሮሮ ሕመሙ ልብን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያንም ያሳብጣልና፣ በልጅነቱ መገጣጠሚያው እያበጠ ይታመም የነበረ ሰው፣ ዕድሜው 20 ቢሆንም እንኳ፣ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ልቡን በሐኪም ቢያስደምጥ ይገባዋል።

ጋዜጣችሁ የልብ ምት በጣት እንዴት እንደሚቆጠር፣ ከነሥዕሉ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት በጤና ዓምዱ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር